25 በመቶ አለሽ፣ ድምፅ ግን የለሽም

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ ነው የምሠራው። የአጎቴ ልጅ ከባለቤቱ ጋር እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆችና ለሬስቶራንቶች ያከፋፍላሉ። ሥራው ደህና ነው። አሁን ሰፋ ያለ ቦታ ሊከራዩና ተጨማሪ ምጣድ ሊገዙ አስበው 80 ሺህ ዶላር እንዳስገባ ጠየቁኝ። የዘጠኝ ዓመት ቁጠባዬ ነው። በምትኩ የድርጅቱን 25 በመቶ እንሰጥሻለን አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጠበቃቸው የላከውን ወረቀት ሳነብ ግን የእኔ አክሲዮን ድምፅ የሌለው ነው ይላል። ትርፍ እካፈላለሁ፣ ስብሰባ ላይ ግን እጄን ማውጣት አልችልም። ድርጅቱ በታክስ በኩል ኤስ ኮርፖሬሽን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ይቻላል ብሎኛል የአጎቴ ልጅ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ‹አይዞሽ፣ ጎግልም እንዲህ ነው የሚሠራው› አለኝ። ባለቤቴ ‹ገንዘብሽን እንጂ አንቺን አልፈለጉሽም› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹በዘመድ መሀል ወረቀት አታብዢ› ትለኛለች። ድምፅ ካልሰጣችሁኝ አልገባም ልበል? ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በጎግሉ ልጀምር። የአጎትሽ ልጅ አልዋሸሽም። የነገረሽ ግን ግማሹን ነው።

ጎግል በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ) ሁለት ዓይነት አክሲዮን ነበረው። ሕዝቡ የገዛው አንዱ አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው። በመሥራቾቹና በውስጥ ሰዎች እጅ የቀረው ግን አንዱ አሥር ድምፅ ነው። በ2014 ሦስተኛ ዓይነት ተጨመረ፣ ጭራሽ ድምፅ የሌለው። ስልክሽ ላይ አክሲዮን መግዣ አፕ ካለሽ ክፈቺና ጎግልን ፈልጊው። ሁለት ሆኖ ይመጣልሻል። ዋጋቸው በጣም ይቀራረባል። አንዱ ድምፅ አለው፣ ሌላው የለውም። ልዩነቱን ሳያውቅ የሚገዛው ሰው ብዛቱ!

ጎግል ብቻውንም አይደለም። ማርክ ዙከርበርግ ከሜታ ያለው ድርሻ አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም፣ ድምፁ ግን ከግማሽ በላይ ነው። የስናፕቻት ባለቤት ስናፕ ደግሞ በ2017 ገበያ ሲወጣ ለሕዝብ ያቀረበው አክሲዮን አንዲት ድምፅ አልነበረውም። ዋጋው 17 ዶላር ነበር። ሰው ተሻምቶ ገዛው፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ40 በመቶ በላይ ወጣ።

እንግዲህ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሞኞች ናቸው? አይደሉም። የጎግል ባለአክሲዮን የመሥራቾቹ ነገር ካልጣመው ስልኩን አውጥቶ ይሸጣል። በማግሥቱ ገንዘቡ አካውንቱ ውስጥ ነው። ስብሰባ ላይ እጅ ባያወጣም መውጫ በር አለው። ይህን በር ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድምፅ ዋጋ የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። ጎግል ድምፅ አልባውን አክሲዮን ሊያመጣ ሲል አንዳንድ ባለአክሲዮኖች ከሰሱት። በስምምነት ጨረሱ። ስምምነቱ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያው ዓመት ድምፅ አልባው ከባለድምፁ በተወሰነ መጠን ረክሶ ከተገኘ ኩባንያው ልዩነቱን ይክሳል። ረክሶ ተገኘ። በ2015 ኩባንያው ወደ 522 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ካሳ ከፈለ፣ አብዛኛውን በአክሲዮን። ልብ በዪ፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በሁለቱ መሥራቾች እጅ ስለሆነ የሌላው ሰው ድምፅ ምንም ውሳኔ አይቀይርም። እንደዚያም ሆኖ ገበያው ዋጋ ሰጠው። ስለዚህ ድምፅ የሌለውን አክሲዮን በባለድምፁ ዋጋ ልትገዢ አይገባም። 80 ሺህ ዶላር ለ25 በመቶ የሚለው ስሌት የየትኛው አክሲዮን ዋጋ ነው? ይህን ጠይቂው።

አሁን ወደ አንቺ እንጀራ። ያንቺ አክሲዮን አፕ ላይ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘቡ ቢያስፈልግሽ፣ ቤት ልትገዢ ብትዪ፣ ማን ይገዛሻል? የባልና ሚስት መጋገሪያ ውስጥ ድምፅ የሌለው 25 በመቶ ማን ይፈልጋል? የአጎትሽ ልጅ ብቻ። እሱም ከፈለገ ነው፣ በፈለገውም ዋጋ። ጎግልና እናንተ የምትለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ባለቤትሽ «ድምፅ ካልሰጡሽ አትግቢ» የሚል ይመስለኛል። እሺ፣ ሰጡሽ እንበል። 25 ለ75 ነው። ባልና ሚስቱ አብረው እጃቸውን ሲያወጡ ያንቺ እጅ ምን ያደርጋል? በሜሪላንድ ሕግ እንደ ውህደት ያለ ከባድ ውሳኔ፣ የድርጅቱ ቻርተር (መመሥረቻ ጽሑፉ) ዝቅ ካላደረገው፣ ከድምፁ ሁለት ሦስተኛውን ይጠይቃል። እነሱ ሦስት አራተኛ አላቸው። ያንንም አታግጂም።

እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ድሮ በአንድ ወዳጄ ሬስቶራንት ውስጥ 10 በመቶ ነበረኝ፣ ከነሙሉ ድምፁ። በዓመት አንዴ ስብሰባ እንጠራለን። ዶሮ ወጥ ይቀርባል። ድምፅ ይሰጣል፣ 90 ለ10። ዶሮዬን በልቼ ወደ ቤቴ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ድምፅ ነበረኝ፣ መውጫ ግን አልነበረኝም።

ከእኔ ይልቅ በሚታወቁ ሰዎች ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ጆን እና ሆራስ ዶጅ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1903 ለሄንሪ ፎርድ አዲስ ኩባንያ በዕቃና በገንዘብ 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አስተዋጽኦ አድርገው 10 በመቶ ያዙ። ድምፅም ነበራቸው። ኩባንያው በለጸገ፣ ትርፉም ጎረፈ። በ1916 ግን 58 በመቶ የያዘው ፎርድ ልዩ የትርፍ ክፍፍል ከእንግዲህ የለም አለ። ገንዘቡን ለፋብሪካ ማስፋፊያ አውለዋለሁ፣ የመኪናውንም ዋጋ እቀንሳለሁ አለ። ወንድማማቾቹ በዚያ ትርፍ የራሳቸውን መኪና ፋብሪካ እየገነቡ ነበር፣ ፎርድም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ድምፃቸው ምንም አላደረገላቸውም። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል አዘዘ። በዚያው ዓመት ፎርድ ድርሻቸውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ተገላገላቸው።

ለእነሱ ጥሩ ሆነ። አንቺ ግን ነርስ ነሽ፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያደርስ የጠበቃ ገንዘብ ያለሽ አይመስለኝም።

ይህንም ሳልነግርሽ ባልፍ ይቆጨኛል። ሁለቱም ወንድማማቾች በ1920 ሞቱ። ሚስቶቻቸው በ1925 የዶጅን ኩባንያ ዲሎን ሪድ ለሚባል የኒውዮርክ ባንክ በ146 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ባንኩ ገንዘቡን ያስመለሰው ቦንድና አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ ነው። ሕዝቡ የገዛው አክሲዮን ድምፅ አልነበረውም። ድምፁ የቀረው ከ2 ሚሊዮን ዶላር ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ባለው፣ በባንኩ እጅ ባለ ቁራጭ ላይ ነበር። የሰው ገንዘብ፣ የባንክ ወንበር። አገር ጮኸ። ዊሊያም ሪፕሊ የሚባሉ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር በየአደባባዩ ተቃወሙ። ከ1926 ጀምሮ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ድምፅ የሌለውን ተራ አክሲዮን ፊት ነሳው፣ እስከ 1980ዎቹም በዚሁ ቆየ። የፎርድ ቤተሰብስ? ዛሬ ከኩባንያው ወደ 2 በመቶ ብቻ ይዞ 40 በመቶ ድምፅ አለው። አየሽ፣ ገንዘብን ከድምፅ መለየት ያንቺ የአጎት ልጅ የፈጠረው ብልሃት አይደለም። መቶ ዓመት አልፎታል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ድምፁ አይደለም የሚያስፈራኝ። ደሞዙ ነው።

በትንሽ ድርጅት ውስጥ ትርፍ ማለት ደሞዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ነው። ደሞዙን የሚወስነው ማነው? የአጎትሽ ልጅና ሚስቱ። የማን ደሞዝ? የራሳቸው። ዘንድሮ ጨመር፣ ከርሞ ጨመር፣ ለልጃቸውም ሥራ፣ መኪናውም በድርጅቱ ስም። ማንም አልሰረቀም። ያንቺ 25 በመቶ ግን የዜሮ 25 በመቶ ሆነ። ሆን ብለው ያደርጉታል አልልም። ሥራው ከባድ ነው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያቦካ ሰው የሚገባኝ ነው ብሎ ያምናል። እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ታክሱ ነው፣ እሱ የባሰ ነው። ኤስ ኮርፖሬሽን ራሱ የፌዴራል የገቢ ታክስ በአብዛኛው አይከፍልም። ትርፉ በባለአክሲዮኖቹ ስም ይመዘገብና እያንዳንዱ ከድርሻው ይከፍላል። በየዓመቱ ኬ-1 የሚባል ወረቀት ይመጣልሻል። ድርጅቱ 120 ሺህ ዶላር አተረፈ እንበል። ያንቺ ድርሻ 30 ሺህ ነው። አንድ ሳንቲም እጅሽ ባይገባም፣ እነሱ «ዘንድሮ ገንዘቡን ለምጣድ እናውለው» ቢሉም፣ በ30 ሺሁ ላይ ታክስ አለብሽ። ፌዴራሉና የስቴቱ ተደምረው 25 በመቶ ቢሆኑ 7,500 ዶላር ከነርስነት ደሞዝሽ ታወጫለሽ። ላላየሽው ገንዘብ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ማስገባት ቢፈቀድልሽ ይህንን አስገቢ፦ ድርጅቱ በየዓመቱ ቢያንስ የታክሱን ያህል ለባለአክሲዮኖች ሁሉ በየድርሻቸው ይከፍላል የሚል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ድምፅ ከነሳችሁኝ ትርፉን ጨምሩልኝ» እንዳትዪ። ኤስ ኮርፖሬሽን በድምፅ የሚለያዩ አክሲዮኖች ሊኖሩት ይችላል፣ በገንዘብ መብት የሚለያዩ ግን አይፈቀዱለትም። ለአንዱ አክሲዮን ከሌላው የበለጠ ትርፍ የሚሰጥ ውል ከተጻፈ ያ የታክስ ዓይነቱ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የአጎትሽ ልጅ «ኤስ ስለሆነ ይቻላል» ያለሽ ልክ ነው። አንቺ ግን በሌላ መንገድ መደራደር ትችያለሽ። ትርፉን ጨምሩልኝ ሳይሆን በዚሁ 80 ሺህ ተጨማሪ አክሲዮን ስጡኝ በዪ። በ25 ፋንታ 30 በመቶ። ያ ይፈቀዳል። (ሳልረሳው፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙም ድርሻ ሊሰጥ ካሰበ አይሆንም። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነ ሰው የኤስ ኮርፖሬሽን ባለአክሲዮን መሆን አይችልም።)

አሁን ወደዚያ በር ልመለስ። ከድምፁ ይልቅ ተሟገቺ የምልሽ ለበሩ ነው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ አምስት ዓመት በዪው፣ «ግዙኝ» ስትዪ እንዲገዙሽ ይጻፍ። ዋጋውን ማን ይተምናል? የእነሱ አካውንታንት እንዳይሆን፣ የሦስታችሁም ያልሆነ የውጭ ገማች ይሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በግልጽ ይጨመር፦ ድርሻው ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ገበያ የለውም ተብሎ ከዋጋው አይቀነስም የሚል። ገማቾች በእነዚህ ምክንያቶች ዋጋ መቀነስ ልማዳቸው ነው፣ ቅናሹም ቀላል አይደለም። ይህ ካልተጻፈ ዛሬ ድምፅሽን ትለቂያለሽ፣ ነገ ድምፅ የለሽም ተብለሽ ዋጋሽ ይቀነሳል። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። እነሱ ድርጅቱን ለሌላ ቢሸጡ ደግሞ አንቺም በዚያው ቀን፣ በዚያው ዋጋ ከእነሱ ጋር ትሸጪ።

ድምፅ ሳይኖርሽም ፊርማሽ ሊያስፈልግ ይችላል። ድምፅ ማለት ስብሰባ ላይ መቆጠር ነው። ከዚያ ውጭ ግን በውል «ያለ እሷ የጽሑፍ ስምምነት አይደረግም» የሚባሉ ነገሮች መጻፍ ይቻላል። አታብዢው። በየቀኑ ዱቄት ከማን እንደሚገዙ አንቺን እየጠየቁ አይሠሩም፣ መጠየቅም የለባቸውም። ከተወሰነ መጠን በላይ የራሳቸውን ደሞዝ መጨመር፣ አዲስ አክሲዮን ማውጣት፣ ከባንክ ትልቅ ብድር፣ ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ጋር የሚደረግ ኪራይና ውል፣ እነዚህ ይበቃሉ። አዲስ አክሲዮን የምልሽ ለምን እንደሆነ ይግባሽ። ነገ ለሌላ ሰው ቢያወጡ ያንቺ 25 በመቶ ቁጭ ብሎ 15 ይሆናል።

ሒሳብ ማየትም አለ፣ በየሦስት ወሩ። ይህን እምቢ ካሉሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው መላ አለ። ድምፁ ተኝቶ እንዲቆይ፣ ችግር ሲመጣ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ራሱ እንዲህ ያደርጋል። ቅድሚያ አክሲዮን የሚባለው፣ ትርፍ ሲከፋፈል ቀድሞ የሚከፈለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ግን ኩባንያው የስድስት ሩብ ዓመት ክፍያ ካጓደለባቸው ባለቤቶቹ ቢያንስ ሁለት የቦርድ አባላት የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው ገበያው ይጠይቃል። ለአጎትሽ ልጅ ይህንኑ በዪው። «ድምፁን ውሰድ። የታክሱን ክፍያ ሁለት ዓመት ካጓደልክ ወይም ሒሳብ ከከለከልከኝ ግን አክሲዮኔ ባለድምፅ ይሆናል።» ቅን ሰው ከሆነ ይህ ምንም አይነካውም።

ይህ ሁሉ በዛብኝ ካልሽ አልፈርድብሽም። እንደዚያ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፣ እንዲያውም እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው ይህን ነው። የሰው ሥራ ላይ ገብቶ ድምፅ የማይጠይቅ ገንዘብ ድሮም ስም አለው፤ ብድር ይባላል። 80 ሺሁን አበድሪያቸው። ወለድ ይቆረጥ፣ የመክፈያ ጊዜ ይጻፍ፣ አዲሶቹ ምጣዶችና ማሽኖች መያዣ ይሁኑ። ድርጅቱ ቢያተርፍም ባያተርፍም ይከፈልሻል። ቢከስር እንኳ አበዳሪ ከባለአክሲዮን ቀድሞ ነው የሚስተናገደው። ካላገኘሽው ትርፍ ላይ የሚመጣ ኬ-1 የለም። የምታጪው አንድ ነገር ነው፦ እንጀራው በመላ አሜሪካ ቢሸጥ ከወለድሽ በላይ አታገኚም። ግማሹን ብድር፣ ግማሹን አክሲዮን ማድረግም ይቻላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ።

ባለቤትሽ «አንቺን አልፈለጉሽም» ማለቱ ግን ትንሽ የጨከነ መሰለኝ። የአጎትሽ ልጅ የፈራው አንቺን ላይሆን ይችላል። ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን ይሆናል። አያድርገውና ብትሞቺ፣ ወይም ብትፋቺ፣ ያ 25 በመቶ በማን እጅ ይገባል? ምናልባት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ባለቤትሽ ነው። እኔም ሥራ ፈጥሬ ቢሆን ይህን እፈራ ነበር። ፍርሃቱ ይህ ከሆነ ድምፅሽን ሳይነጥቅ የሚፈታ ነገር ነው። አክሲዮኑ ወደ ሌላ ሰው ከመተላለፉ በፊት ድርጅቱ ቀድሞ በተገመተው ዋጋ የመግዛት መብት ይኑረው ብሎ መጻፍ ይበቃል። ስለዚህ «ለምን ድምፅ ነሳኸኝ» ብለሽ አትጀምሪ። «ምንድን ነው የፈራኸው?» በዪው። መልሱን ስትሰሚ ግማሹ ውል ተጻፈ ማለት ነው።

እናትሽ «ወረቀት አታብዢ» ማለታቸው ይገባኛል። እሳቸው ባደጉበት አገር ዘመድ ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሽማግሌ አይጠፋም፣ እኔም ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ግን ሽማግሌ ኬ-1 ማንበብ አይችልም፣ እኔም ራሴ የቻልኩት በስንት መከራ ነው። ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ የሚሉት እኮ ወረቀት የማይጻፍበት ንግድ ስለነበረ ነው።

ወረቀቱን የላከው ጠበቃ የእነሱ ነው፣ ጥሩ ሰው ቢሆንም የእነሱ ነው። ያንቺን ያዢ። ከጠበቃውም በፊት ግን የድርጅቱን የሦስት ዓመት የታክስ ማስታወቂያ ጠይቂ፣ ቅጹ 1120-ኤስ ይባላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የኃላፊዎች ክፍያ» የሚል መስመር አለ። ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሄደ ተመልከቺና ከታች ካለው ትርፍ ጋር አስተያዪው። ቁጥሮቹን ስታገኚ እንደገና ጻፊልኝ፣ ለ25ቱ በመቶ 80 ሺህ ይገባዋል አይገባውም የሚለውን ያኔ አብረን እናያለን።